ሁለተኛውን ጥያቄ ስንጠብቅ

ናይሮቢ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ አማርኛ ላስተምር ነው ስል ያልሳቀብኝ ሰው አልነበረም። ከሁሉም የባሰችው ኪሊማኒ ያለው የሀበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ናት። «ማንን ነው የምታስተምሪው? እኛኑ ነው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ እልህ የሚይዘኝ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ያ ትምህርት የተጀመረው ግማሹ በእልህ ነው።

ሌላው ግማሽ በንዴት። እዚያው ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ተማሪዬ፣ የፈረንሳይን ነገሥታት በተርታ የሚጠራልሽ ልጅ፣ «መምህር፣ እናንተ አገር የሚነገረው አረብኛ ነው አይደል?» አለኝ። ከናይሮቢ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሞያሌ የደረሰ ሰው መንገዱን ከተሻገረ ኢትዮጵያ ገባ ማለት ነው። የአጥር ጎረቤት ነን እኮ! ልጁን አልተቆጣሁትም፤ ማን አስተማረውና? የተናደድኩት በዩኒቨርሲቲው ነው። የስንቱ ሩቅ አገር ቋንቋ ክፍልና መምህር ተመድቦለት፣ የጎረቤት ቋንቋ ቆሞ የሚነገርበት ኮሪደር እንኳን አጣ።

ከዚያ በኋላ ያልገባሁበት ቢሮ የለም። «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጥናት» የሚል ዕቅድ ጽፌ ከአንዱ ኃላፊ ወደ ሌላው ስመላለስ አንዱ «ማን ይማረዋል?» ይለኛል፣ ሌላው «ምን ሥራ ያስቀጥራል?» ይለኛል። ሁሉም በፈገግታ ነው። የናይሮቢ ቢሮ ሰው ፊት ለፊት አይቆጣሽም፤ «ፖሌ» ይልሻል፣ አይዞሽ እንደማለት፣ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። በመጨረሻ አዲስ ዲን መጣ፤ ግዙፍ፣ ሲስቅ ጠረጴዛው አብሮት የሚንቀጠቀጥ ኬንያዊ። ዕቅዴን አነበበው። እንደሌሎቹ ሽፋኑን ሳይሆን ውስጡን አነበበው። «ለሙከራ ጀምሩት» ሲለኝ እዚያው ቢሮው ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሙከራው ግን ገደብ ነበረው። ጊዜው ሲያልቅ ትምህርቱ የሚጸናው ዶክትሬት ያለው ቋሚ ኃላፊ ከተቀጠረለት ብቻ ነው። ካልተቀጠረለት ይዘጋል፤ ደንቡ ነው። የእኔ ደግሞ ማስተርስ ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው እፈልግ ነበር።

ያን ሰው ያገኘሁት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልካቸውን አገር ቤት ታሪክና ግዕዝ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ዶክተር ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጃቸው ብቻዎን አይሆኑም ብላ ናይሮቢ አመጣቻቸው። እሷ የምትሠራው አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ቤታቸው ላቪንግተን ነው፣ ግቢው ለምለም፣ በሩ ከባድ ብረት። ጠዋት እሷ ስትወጣ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፣ ማታ ስትመለስ እዚያው ታገኛቸዋለች። ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ከበሩ ጠባቂ ጋር ነው፤ እሱ በስዋሂሊ፣ እሳቸው በአማርኛ። «ልጄ፣ እንደ ዕቃ ተቀምጫለሁ» አሉኝ በተዋወቅን ቀን። ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ ብዬ ምን እንደምሠራ ነገርኳቸው። ወዲያው ፊታቸው በራ፤ ስለ ፊደል፣ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ክፍሉ ስፋት ሳይቀር ጠየቁኝ።

ያስተምሩልኝ ብዬ ስጠይቃቸው ግን እምቢ አሉ። ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ወጣት ፈልጊ» አሉኝ። «በሞቴ ጋሼ!» አልኳቸው። «እንግዲህ ሞትሽን ከጠራሽ ምን አደርጋለሁ» አሉና ኮፍያቸውን አንሥተው ብድግ አሉ፤ ትምህርቱ ያን ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሚጀመር ነበር የመሰላቸው።

አቤት፣ እሳቸው ሲያስተምሩ! እኔ ሰዋስው ሳስተምር የሚያዛጉት ልጆች እሳቸው ሲገቡ ቀጥ ይላሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች እዚሁ ተወልደው ያደጉ የእኛው ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ስትቆጣቸው ይገባቸዋል፣ የጻፈችላቸውን ግን ማንበብ አይችሉም። አንዱ «ጋሼ፣ ሳሳ ይሄ ፊደል ዋይ እግሩ ተቆለመመ?» ይላቸዋል፣ ስዋሂሊውንም እንግሊዝኛውንም ከአማርኛው ጋር አቡክቶ። «አንተ ደግሞ የሞያሌ ገበያ መሰልክ» ይሉታል። እየሳቀ ቁጭ ብሎ ፊደሉን ይጽፋል።

ከኬንያውያኑ ተማሪዎች ደግሞ በእርዳታ ድርጅት የምትሠራ አንዲት ጠንቃቃ ሴት ነበረች። ጋሼ ትምህርት የሚጀምሩት «በዚህ ሳምንት ምን ገጠማችሁ?» ብለው ነው። አንድ ቀን ይህች ሴት እጇን አወጣች። ኢትዮጵያዊት የሥራ ባልደረባዋ ቤቷ መጣች፤ ሻይ ልስጥሽ ብትላት እንግዳዋ አልፈልግም አለች፤ እሷም ተወቻት። በኋላ ግን ሴትየዋ ቅር ብሏት እንደሄደች ከሌላ ሰው ሰማች። «ምን አጠፋሁ?» አለች፣ ከልቧ ተጨንቃ።

ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ወንበር አምጥተው መሐል አስቀመጡና እንግዳ ሆነው ቁጭ አሉ። «በሉ ጋብዙኝ» አሉ። አንዱ ሲጋብዛቸው እምቢ፣ ሌላው ሲጋብዛቸው እምቢ፣ «አሁን ነው የበላሁት፣ እመቤቴን!» እያሉ። ሦስተኛው «በሞቴ» ሲል ባዶውን እጃቸውን ዘርግተው የሌለ ሻይ ተቀበሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ኮስተር አሉና «መጀመሪያ የሚባለው እምቢታ ሰላምታ ነው» አሉ። «ወዲያው እሺ ያለ ሰው ስግብግብ ይባላል። አንዴ ጠይቆ የተወ ደግሞ ከልቡ አልፈለገኝም ይባላል። የሀበሻን መልስ ለማወቅ ታገሡት፤ ደግማችሁ ጠይቁት።» ኬንያዊቷ ቃል ሳታስቀር ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ባልደረባዋን እንደገና ጋብዛ፣ አጥብቃ ለምና፣ ሻይዋን አጠጥታት መጣች፤ ጋሼ አስጨበጨቡላት።

የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ሲቃረብ ዲኑ ጠራኝ። «ለሹመቱ ምዜውን ራሴ ልጠይቃቸው» አለኝ። ምዜ ማለት በስዋሂሊ ሽማግሌ፣ የተከበረ ሰው ማለት ነው። «በደብዳቤ መጠየቅ አይገባቸውም፣ ምሳ ልጋብዛቸው» ሲል ይህን ሰው ወደድኩት። ኪሊማኒ፣ ያቺ የሳቀችብኝ ሴት ምግብ ቤት ጠረጴዛ ያዝኩ። እሷም በዚያን ጊዜ መሳቋን ትታ የትምህርቱ ጠበቃ ሆናለች፤ ልጇ ከተማሪዎቹ አንዱ ነው።

የምሳው ዕለት ዌስትላንድስ ስብሰባ ነበረኝ። ስወጣ ዝናብ ጣለ። ናይሮቢ ላይ ዝናብ ሲጥል ምን እንደሚሆን የኖረበት ያውቀዋል፤ መኪናው ሁሉ እዚያው እንደቆመ ይቀራል። የማታቱ፣ የከተማው ሚኒባስ፣ ሾፌሮች በእግረኛ መንገድ ሳይቀር ሲያልፉኝ እኔ መሪዬን እየደበደብኩ በሁለት ቋንቋ ስሳደብ ቆየሁ። ምግብ ቤቱ ስደርስ ትሪው ሊነሣ ነው። ባለቤቷ ጥብስ ጠቅልላ ዲኑ አፍ ላይ ደቅናለች፤ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ትለዋለች። እሱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል። «ይቺ ሴት አይሆንም የሚለውን ቃል አታውቀውም» አለኝ ዞሮ። ሁላችንም ሳቅን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ጋሼን ወደ ቤታቸው የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ፣ እንደ ልጅ ምሥጢር መያዝ አቅቷቸው፣ «ጠየቀኝ» አሉ።

«ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? ይህ ክብር ለእኔ አይገባም፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ወጣት ፈልጉ አልኩት እንጂ።»

«እሱስ?»

«ምን ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ! እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።»

እኔም ደስ አለኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ፣ እንግሊዝኛ የማስተምር ሴት፣ ቅንጣት አልጠረጠርኩም። በወግ ተጠይቀዋል፣ በወግ እምቢ ብለዋል፤ የቀረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እንዲያውም ቶሎ እሺ ቢሉት ኖሮ ትንሽ አፍር ነበር። ላቪንግተን ስንደርስ ከመኪናው እንደ ወጣት ዘለው ወረዱ፤ ጠባቂው «ካሪቡ ምዜ» ብሎ እንኳን ደህና መጡ ሲላቸው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርን። ጋሼ ካፖርታቸውን ለልብስ ሰፊ ሰጥተው አስጠበቡት። ልጃቸው አዲስ ጫማ ገዛችላቸው። የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርት ከሳምንት ሳምንት አወጡ፤ ተማሪዎቹን ሞያሌ ወስደው ገበያው ውስጥ ሊያስተምሯቸው አስበዋል፤ የትኛው አውቶቡስ ምቾት እንዳለው ሳይቀር ከጠባቂው ጠይቀዋል፣ በማን ቋንቋ እንደተግባቡ እንጃ። ስልካቸውን ከእጃቸው አይለዩትም። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ጮኸባቸውና ሰው እየገፉ ወጡ። የደወለችው ልጃቸው ነበረች፤ ምሳ ምን ይሁን ልትል።

«ዲኑ ምን አለ?» ይሉኛል።

«ሥራ በዝቶበታል ጋሼ።»

«አይዞው። አይቸኩል።»

ከዚያ የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ዲኑ ስለ በጀት፣ ስለ ክፍል ጥበት ተናገረና ወደ እኛ ደረሰ። ምዜው ሹመቱን በታላቅ ትሕትና ስላልተቀበሉ የተያዘው የሥራ ቦታ ለሌላ ክፍል ተሰጥቷል፣ ሰውም ተቀጥሮበታል፤ የኢትዮጵያ ጥናቱ በዚህ ወሰነ ትምህርት ያበቃል አለ። «ማን ነው ያልተቀበለው?» ብዬ ብድግ አልኩ። የጮህኩት በአማርኛ ነው። ስብሰባው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቢሮው ድረስ ተከትዬው ገባሁ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ቀስ ብዬም አልነበረም።

«አይሆንም አሉኝ እኮ» አለኝ። «በጆሮዬ ሰማሁ።»

«አይሆንም ማለታቸው አይደለም። ደግመህ ጠይቀኝ ማለታቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አይሉም?»

«እንዴት ይባላል? ማን እንዲህ ይላል?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ «ስሚ፣ እኔ ያደግሁበት ቤት ሽማግሌ አይሆንም ካለ አፍን ዘግቶ መውጣት ነው» አለ። «የአባቴን እኩያ ልጨቅጭቅ? የእሳቸውን ቃል ላጥፍ? ያከበርኳቸው መስሎኝ እኮ ነው።»

ንዴቴ ድንገት ጥሎኝ ሄደ። ተናድጄ ነው የገባሁት፣ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ። እሱ እዚያው ፊቴ ስልኩን አንሥቶ ወደ በላይ ደወለ፤ አንዱ ጋ ደወለ፣ ሌላው ጋ ደወለ፤ ሲለማመጥም ሰማሁት። አዲሱ ሰው ፈርሟል፣ ሌላ ቦታ የለም አሉት። ስልኩን ዘግቶ «ፖሌ ሳና» አለኝ። ስንቱ ቢሮ ውስጥ ያልወጣልኝ ዕንባ ያን ቀን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ኬንያዊቷ ተማሪ ወሬውን ሰምታ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «ዲኑ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጦ ቢማር ኖሮ» አለችኝ በአማርኛ። ሳትሳሳት የተናገረችው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነው።

ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። ላቪንግተን የሄድኩት በሥራ ቀን ነው፤ ጠባቂው በሩን ሲከፍትልኝ ከበረንዳው አዩኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ያን ካፖርት ለብሰዋል። በሥራ ቀን የመጣሁት ምሥራች ይዤ መስሏቸዋል። ሞት ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም፣ ግራ መጋባት ነው ያየሁት። «እንዴ!» አሉ። «ሁለተኛ ሳይጠይቀኝ?»

«የእሳቸውን ቃል እንዴት ላጥፍ ነው ያለው ጋሼ። አክብሮዎት ነው።»

«እሱስ እውነቱን ነው። አይሆንም ብያለሁ እኮ። በአፌ ነው ያልኩት።» ትንሽ ሳቁ። የካፖርታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈቱ። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጠባቂው አማርኛ የሚሰማ ይመስል፣ «ልጄ፣ አሁን እሺ ብዬ ብጽፍለትስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሰው ተቀጥሯል።»

«አዎ፣ ብለሽኛል። ብለሽኛል።» ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አጣጠፉት። «ልጆቹ ገና ማንበብ መጀመራቸው ነበር» አሉ። ለራሳቸው ምንም አላሉም። ልሄድ ስነሣ ሻይ ሳልጠጣ እንዳልሄድ አጥብቀው ለመኑኝ፤ እኔም እንደ ወጉ እምቢ እምቢ ብዬ ተቀመጥኩ። ሻይዋን እንዴት እንደዋጥኳት እግዜር ያውቃል።

ወሰነ ትምህርቱ አለቀ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ጋሼ በዚህ ሳምንት ምን ገጠማችሁ ብለው አልጠየቁም፤ ሰሌዳውን ራሳቸው አጠፉና ወጡ። ተማሪዎቹ ግን ዝም ብለው ሊለዩዋቸው አልፈለጉም። ኪሊማኒ፣ እዚያው ምግብ ቤት፣ ምሳ አዘጋጁላቸው። ዲኑም መጣ፣ ማንም ሳይጠራው። ከጋሼ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። ልጆቹ በየተራ በአማርኛ ያነበቡት ምስጋና ነበር፤ ያ ፊደል ተቆለመመብኝ ይል የነበረው ልጅ አንድም ስዋሂሊ ሳይቀላቅል አነበበ። ጋሼ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

ከዚያ ምግቡ ቀረበ። ጋሼ ከፊታቸው ያለውን እምብዛም አልነኩትም፤ በአንዲት ጉርሻ ልክ ጠርዙን ብቻ ቆርሰዋል። ባለቤቷ እንደ ልማዷ ድስቷን ይዛ ስትዞር እሳቸው ጋ ደረሰች። ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። ይህችን ነገር ያውቋታል፤ ክፍል ውስጥ ተምረዋታል፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው አሳይተዋቸዋል። ኬንያዊቷ ከሁሉ ቀድማ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወጥ ልጨምርልዎ?» አለች ባለቤቷ። «በሞቴ» ለማለት ትንፋሿን ስባ ጨርሳለች።

«እሺ» አሉ ጋሼ ወዲያው። «ጨምሪልኝ።»

ማንኪያዋ እንደተነሣ ቀረ። ሴትየዋ እኔን አየችኝ፤ እኔ ዲኑን አየሁት፤ ዲኑ ግን አማርኛ አይሰማም፣ ምን እንደተባለ አላወቀም። ኬንያዊቷ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋና አንገቷን ደፋች። ባለቤቷ ወጡን ጨመረችላቸው። ጋሼ እንዳልራባቸው አውቃለሁ። አመስግነው፣ አጎንብሰው በሉት።